ዓሣ ከሁዳዴና ከሽርሽር አልፎ ወደ አዘቦት ገበታችን ይግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሥጋ፣ የእንቁላልና የምግብ ዘይት ዋጋ የከተማውን ነዋሪ ገበታ ምን ያህል እያሳሳው እንደመጣ ጋዜጣችሁ በተከታታይ የሚያወጣውን ዘገባ ሳላቋርጥ አነባለሁ። ስለ ዓሣ የሚጻፈው ግን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው፤ እሱም ቢሆን ዋጋው መጨመሩን ከመንገር አያልፍም። ለረጅም ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ትምህርት ሳስተምር ቆይቼ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ዓሣ በሀገራችን የጾም ወቅት መወጫና የሽርሽር ቀን ምግብ ብቻ ሆኖ መቅረቱ በጤናችንም በኪሳችንም ላይ ጉዳት እያደረሰ ነው ብዬ ስለማምን፣ ይህን ሐሳቤን በአንባቢያን አምዳችሁ ላይ እንድታስተናግዱልኝ እጠይቃለሁ።

በዓለም ላይ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 20 ኪሎ ግራም ገደማ ዓሣና ሌላ የባሕር ምግብ ይመገባል፤ የእኛ ድርሻ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «ባሕር የለንማ» የሚል ነው። መልሱ ግን አያስኬድም። ምጽዋና አሰብ በእጃችን በነበሩበት ዘመንም ቢሆን በደጋው ሰው ገበታ ላይ የባሕር ዓሣ ብርቅ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ወደቡን አጣን እንጂ ዓሣ የመብላት ልማድ አላጣንም፤ እሱማ ቀድሞም አልነበረንም። በሌላ በኩል ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ጣና፣ የስምጥ ሸለቆዎቹ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ፣ እንዲሁም በቆቃ፣ በፊንጫና በተከዜ ግድቦች የተፈጠሩት ሰው ሠራሽ ሐይቆች አሉን፤ አሁን ደግሞ ከሕዳሴው ግድብ በስተኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ ተጨምሯል። «ባህላችን አይደለም» የሚለውም ቢሆን የእኛን የደገኞቹን ልማድ የሀገሩ ሁሉ ልማድ አድርጎ ከመቁጠር የመጣ ነው። ጋምቤላ ውስጥ በወንዞቹ ዳር ለሚኖሩት አኙዋኮችና ኑዌሮች ዓሣ የዘወትር ምግብ ነው፤ ትኩሱን ይበሉታል፣ የተረፈውን አድርቀው ያቆዩታል።

እኛ ዘንድ ዓሣ የሚፈለግበት ወቅት የታወቀ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በየምግብ ቤቱ በር ላይ የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ዱለት መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ፋሲካ በዋለ ማግስት ጽሑፉ ይነሳና ቦታውን ክትፎና ቁርጥ ይይዙታል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ የማነሳው ስለ ፍስኩ ቀን ነው። ሥጋ በሚበላበት ጊዜ ዓሣን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው፤ የምትክ ምግብ ተደርጎ ተቆጥሯልና። በዚህም የተነሳ የዓመቱ ፍላጎት አብዛኛው ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይከማቻል። ዋጋው በዚያ ወቅት አልቀመስ ይላል፣ አጥማጁ በቀረው የዓመቱ ክፍል ገዢ ይጠፋበታል፣ ሐይቁም በአንድ ጊዜ መረብ ይበዛበታል። ሰዉ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የመብላት ልማድ ቢኖረው ለሸማቹም፣ ለአጥማጁም፣ ለሐይቁም በበጀ ነበር።

ስለ ጤና ጠቀሜታው ብዙ የተጋነነ ነገር ስለሚወራ ልኩን ብቻ ልናገር። 100 ግራም ጥሬ የቀረሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ ከ2 ግራም አይበልጥም። ሽሮና ምስርም በፕሮቲን የሚታሙ አይደሉም፤ ነገር ግን ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ቢ12 ከእነሱ አናገኝም፤ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋፅኦ ነው። 150 ግራም ያህል ቀረሶ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገውን የዚህን ቫይታሚን መጠን ይሸፍንለታል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ተለይቶ ለሚጾም ምእመን፣ በፍስኩ ቀን ገበታው ላይ ምን እንደሚቀርብ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ለሕፃናትም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል 37 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ልጁ 6 ወር ሞልቶት ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ እሾሁ በጥንቃቄ ተለቅሞ ከተቀቀለ ድንች ጋር የተፈጨ የዓሣ ሥጋ ብዙ እናቶች ከሚሰጡት ቀጭን አጥሚት በእጅጉ ይሻላል።

ለልብ ይበጃል ተብሎ ስሙ የገነነው ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት ግን በብዛት የሚገኘው እንደ ሰርዲን፣ ማኬሬልና ሳልሞን ባሉት ቅባታም የባሕር ዓሦች ውስጥ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 85 ግራም ያህል የበሰለ ዓሣ እንዲበላ ሲመክር «በተለይ ቅባታማውን» ብሎ የሚጨምረው ለዚህ ነው። የእኛ ቀረሶ በዚህ ረገድ ከሰርዲን አይተካከልም። ቀረሶ ለልባችን የሚበጀው ከገበታው ላይ በሚያስነሳው ነገር ምክንያት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን በቅቤ የራሰውን ጥብስ ከተካልን ትልቅ ሥራ ሠርቷል። አምባዛ ከቀረሶ ይልቅ ቅባት አለው፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው በኦሪቱ ሕግ መሠረት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው፤ ይህን አከብራለሁ። ሃይማኖቱ ለማይከለክለው ሰው ግን አምባዛን በመልኩ ብቻ መናቁ ኪሱን መጉዳት ነው።

ዋናው ቅሬታዬ አዘገጃጀቱን ይመለከታል። በከተሞቻችን ዓሣ ማለት ጥብስ ማለት ሆኗል። ጎንና ጎኑ የተተለተለው ዓሣ ዱቄት ይነሰነስበትና እስከ አንገቱ ድረስ በዘይት ውስጥ ይጠልቃል፤ ዘይቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፣ ቀኑን ሙሉም እዚያው ምድጃ ላይ እየጠቆረ ይውላል። ስቡ ከ2 ግራም የማይበልጥ ሥጋ ገብቶ በዘይት የራሰ ሥጋ ይወጣል፤ ከዚያ ሐኪም ሥጋ ቀንስ ያለው ሰው «እኔ እኮ ዓሣ ነው የምበላው» ብሎ ይጽናናል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም ባሕር ዳር ጣና ዳር ተቀምጦ ትኩስ ጥብስ በሎሚና በዳጣ መብላት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ እኔም አጋጣሚውን ሳገኝ አልምርም። ነገር ግን በወር አንድ ቀን ለሚደረግ ሽርሽር የሚሆነው አበሳሰል የማክሰኞና የኀሙስ ምሳ ልማድ ሊሆን አይገባም፤ ዘይቱ በሚሸጥበት በዛሬው ዋጋ ደግሞ ቢፈለግም አይቻልም።

ለቤት የሚስማማው የዓሣ ወጥ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ በራሱ ውሃ ይቁላላ፤ ከዚያ ጥቂት ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት ቁሌቱ በደንብ ይብሰል፤ ቲማቲም የሚወድ ቲማቲም ይጨምርበት። ዓሣው የሚገባው በመጨረሻ ነው። የዶሮ ወጥ ያስተማረንን ትዕግሥት እዚህ ላይ መተው ያስፈልጋል፤ ተለቅ ተለቅ ተደርጎ የተቆረጠ ፊሌቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበስላልና፣ ከዚያ ካለፈ ወይ ይፈራርሳል ወይ ይደርቃል። ማማሰያ አይንካው፤ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ጠረኑን የሚጠሉ ሰዎች ዓሣውን ከማብሰላቸው በፊት ለጥቂት ደቂቃ በሎሚና በጨው አሽተው ቢያቆዩት ቅሬታቸው ይወገዳል። ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያለፈ ፊሌቶ ለአምስት ሰው የሚበቃ ወጥ ይወጣዋል፤ በዚህ መጠን ሲሰላ ዓሣ ውድ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ክብደቱን ያጣል።

ሙሉ ዓሣ የገዛ ሰው ደግሞ አናቱንና አጥንቱን እንዳይጥል አደራ እላለሁ። ስንጥቡ ወጥቶ የታጠበው አናት ከአጥንቱ ጋር በካሮት፣ በድንችና በቃሪያ ለግማሽ ሰዓት ቢቀቀልና ቢጠለል፣ ለታመመም ለጤነኛም የሚሆን ሾርባ ነው። ከዓረብ ሀገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን በዚህ በኩል ከእኛ ይልቃሉ፤ ሽንኩርቱን አጥቁረው በዓሣው መረቅ ሩዝ የሚያበስሉበትን ሰያዲያ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ሰዎች ምግብ ብዙዎቹ አሳምረው ይሠሩታል። ይህ ሙያ በየቤቱ ተደብቆ ከሚቀር፣ አነስተኛ ምግብ ቤት ለመክፈት ለሚያስቡት መነሻ ቢሆናቸው ምንኛ ጥሩ ነበር።

ስለ አገዛዙም ጥቂት ልጨምር። «ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» የሚለው ተረት ሹማምንትን ለመተቸት የሚመች ቢሆንም፣ ዓሣ በፍጥነት የሚበላሸው በሆድ ዕቃውና በስንጥቡ በኩል ነው። ስለዚህ ወዲያው እንደተጠመደ ሆዱ ካልተጠረገና በረዶ ውስጥ ካልገባ በሙቀት ቦታ በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ ነው፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ደማቅ ቀይ ነው፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል፤ ሽታው የሐይቅ ውሃ ሽታ እንጂ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አይደለም። ፊሌቶ ሲሆን ግን ዓይንም ስንጥብም የለውም፤ ገዢው ሁሉን በሻጩ ቃል ማመን ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት ሻጩን የማያውቅ ሰው ሙሉውን ዓሣ ገዝቶ እዚያው ቢያስጠርግ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

በሐይቅ ዳር ከተሞች ጥሬ ዓሣ በዳጣና በሎሚ መብላት እየተለመደ መምጣቱ ያሳስበኛል። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ በሥጋው ውስጥ ያለውን ጥገኛ ትል አይገድለውም፤ በሐይቆቻችን ዓሦች ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ትሎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ጥሬውን ፈጽሞ ሊቀምሱ አይገባም። ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሜርኩሪ የተባለውን መርዛማ ብረት በተመለከተ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሌሎች ዓሦችን አድኖ በሚበላው በትልልቁ ቢልጫ ውስጥ የሜርኩሪ መጠን ከፍ ብሎ፣ በቀረሶ ውስጥ ግን ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ነፍሰ ጡር እናት ዓሣ መብላት አለባት፣ ለፅንሱ አእምሮ ይጠቅመዋልና፤ ቀረሶን፣ አነስ ያለውን ዓሣና ሰርዲንን ትምረጥ፤ ሌሎች ዓሦችን እየበላ ያረጀውን ትልቁን አዳኝ ዓሣ ትተወው።

የጣሳ ዓሣን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ከቅባታም የባሕር ዓሦች በየሱቁ በቀላሉ የምናገኘው ሰርዲን ነው፤ አጥንቱ ለስልሶ አብሮ ስለሚበላም ካልሲየም ይሰጣል። ዘይቱን አጥፍፎ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፎበት በዳቦ መብላት ወይም ከተቀቀለ ድንች ጋር ማዋሐድ ይቻላል፤ ጨው ስላለበት ግን ሌላ ጨው አያስፈልገውም። በጣሳ የሚመጣው ቱና ለፕሮቲን ጥሩ ቢሆንም በኦሜጋ 3 ከሰርዲን ያንሳል፤ ዋጋው ደግሞ ይበልጣል።

«ሕዝቡ ዓሣ ይብላ ከተባለ ሐይቆቹ አያልቁም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በጣና የሚገኙት ነጭ ዓሣ የምንላቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ፣ ርብና ገልዳ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ በወንዞቹ መግቢያ ላይ መረቡን ዘርግቶ እንቁላላቸውን እንደተሸከሙ ይይዛቸዋል። በዚህ ምክንያት ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ፣ በቀላሉ የማይበጠሰውና ውሃ ውስጥ ተጥሎ ቢቀርም ዓሣ መግደሉን የማይተወው ስስ የፕላስቲክ መረብም ችግሩን አባብሰውታል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የጎደለው በየወደቡ ቆሞ የሚያስፈጽመው ሰው ነው። ሸማቹም የበኩሉን ማድረግ ይችላል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የጣናን ነጭ ዓሣ አለመግዛትና ገና ያላደገች፣ መዳፍ የማትሞላ ቀረሶን አልፈልግም ማለት ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ለገበሬው ኩሬ የሚሆኑ ጫጩቶችን ማባዛትን ሲሠራበት ቆይቷል፤ የኩሬ ዓሣ እርባታ ከጓሮ አልፎ ለከተማ ገበያ እስኪደርስ ግን የሐይቆቹን መተንፈሻ ወቅት ማክበር ግድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ጎልተው ሲነሱ ዓሣ ከኋላ ሲጎተት ይታየኛል። ገንዘብ ከተገኘ ቀድሞ መዋል ያለበት በረዶ ላይ ይመስለኛል። በሞቃት አካባቢ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት ዓሣ በሚወርድባቸው በእያንዳንዱ የሐይቅ ዳር ወደቦች በረዶ የሚሠራ መሣሪያና እሱን የሚያንቀሳቅስ አስተማማኝ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ በሌለበት አጥማጁ ማለዳ ያወጣውን ዓሣ ነጋዴው በሰጠው ዋጋ ይለቃል እንጂ ለመከራከር ጊዜ የለውም፤ ዓሣው አይጠብቀውማ።

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም አንድ ጥያቄ አለኝ። በየወረዳው የተከፈቱት የእሁድ ገበያዎች ሽንኩርት፣ ጤፍና እንቁላል ከአምራቹ በቀጥታ ወደ ሸማቹ እንዲደርስ ብዙ ረድተዋል። በእያንዳንዱ ገበያ ላይ በረዶ የተሞላ ሳጥን፣ ንጹሕ ውሃና ዓሣ የሚጠርግ አንድ ባለሙያ ያለበት ጠረጴዛ ቢጨመር፣ ብዙ እናቶችን ከዓሣ የሚያርቃቸው ትልቁ እንቅፋት ይነሳላቸዋል። እንቅፋቱ ጣዕሙ አይደለም፤ ቅርፊቱን መፋቅ፣ ሆዱን መጥረግና ቆሻሻውን የሚጥሉበት ማጣት ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ወጥ ቤት ውስጥ ቅርፊት ፍቂ ብሎ ማንንም መውቀስ አይቻልም።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። የጤፍ፣ የሽንኩርትና የበሬ ሥጋ ዋጋ በምታወጡበት አምድ ላይ የሙሉ ቀረሶ፣ የፊሌቶና የአምባዛ ዋጋ በየሳምንቱ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ የሐዋሳው፣ የባሕር ዳሩና የአርባ ምንጩ ዋጋ ከአዲስ አበባው ጎን ለጎን ከተቀመጠ፣ ዓሣው በመንገድ ላይ ስንት እንደሚጨመርበትና ጭማሪው የት ላይ እንደሚገባ ሸማቹም አጥማጁም ማየት ይችላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ